ሁለት አምፕሊፋየር ያሟሸንበት ክረምት

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የምወድ ሰው አይደለሁም። ደሴ ስናድግ ጎረቤት ተሰብስቦ ስለ ዛርና ስለ ቡዳ ማውራት ሲጀምር ትራሴን ይዤ ወደ ውስጥ የምገባው እኔ ነበርኩ፣ ፈርቼ አይደለም፣ እንቅልፌን ስለሚያበላሹብኝ ነው። ሥራዬም ማዋለጃ ክፍል ነው። ሰው ወደዚህ ዓለም ሲገባ አይቻለሁ፣ አንዳንዴም ከበሩ ሲመለስ አይቻለሁ፣ በዚያ በር ላይ ከደምና ከላብ ሌላ ቆሞ ያየሁት ነገር የለም። አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ፣ እመኑኝ፣ "ደክሞሽ ነው፣ ተኚበት" ብዬ ነበር የማልፈው። ደክሞኝም ነበር፣ እሱን አልክድም። ግን የኔ ድካም ሌላ ሰው ጆሮ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ባለቤቴ ይበልጣል ይባላል፣ የዚሁ የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ነው፣ አባቱ የቅኔ መምህር፣ እሱ የፊዚክስ አስተማሪ። ሥራ ሲመደብልን እኔን ቢቸና፣ እሱን ሞጣ ጣሉን። ስንጋባ "ለጊዜው ነው፣ ዝውውር ትጠይቃላችሁ" አሉን፣ ጠየቅን፣ ደግመን ጠየቅን፣ ለጊዜው የተባለው ነገር ዓመት ወለደ፣ ዓመቱም ሌላ ዓመት ወለደ። ዓርብ ከሰዓት ከሞጣ ሚኒባስ ይሳፈራል፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ መኪናው ከሞላ፣ ጭቃው ካልያዘው፣ ሊመሽ ሲል ቢቸና ይደርሳል፣ እሑድ ይመለሳል። የትዳራችን ዕድሜ በመሀል ያለችው ቅዳሜ ነበረች፣ እሷንም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የምናሳልፋት በእንቅልፍ ነው።

ሲመጣ አገባቡን ባላየውም አውቀዋለሁ። የግቢያችን የቆርቆሮ በር ከታች ድንጋይ ስለሚነካ ሲከፈት ያፏጫል፣ ከዚያ ይበልጣል ደፉ ላይ ጫማውን ያራግፋል፣ ቦርሳውን ያስቀምጣል፣ ወንበሩ ላይ ሲያርፍ ከሆዱ ሥር የምትወጣ ረጅም ትንፋሽ አለችው፣ የቀኑን መንገድ ሁሉ ባንዴ የሚያወርድባት። እኔ ከጓዳ "መጣህ?" እላለሁ። አይመልስም። ንቆኝ አይደለም፣ የመጣ ሰው መጣህ ሲባል ምን ይላል ብሎ ነው። አንድ ቀን ጠይቄው እንዲሁ ነው ያለኝ። እኔም መጠየቄን አልተውኩም፣ መልስ መጠበቄንም አልተውኩም።

ይበልጣል አይጠጣም፣ ኳስ አያይም፣ የሚወደው የጠራ ድምፅ ብቻ ነው። ክራር ሲሰማ ጣት ጅማቱ ላይ እንዴት እንደተንሸራተተ ሳይቀር ካልሰማ ሰማሁ አይልም። የሞጣ ጓደኞቹ በስሙ ይቀልዱበታል፣ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ካየ "የቱ ይበልጣል?" ሳይል አያልፍም ይሉታል። እዚያው ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ጀማል የሚባሉ ወዳጅ አሉት፣ በክረምቱ መግቢያ ላይ ሁለት አምፕሊፋየር አሳዩት። አንዱ ከካርቶኑ ያልወጣ ጥቁር ነው። ሌላው ግራና ቀኙ እንጨት የሆነ አሮጌ፣ ከሰው ቤት ዕቃ ጋር ተሽጦ የመጣ፣ ውስጡ ታድሶ ግማሽ አካሉ በአዲስ የተቀየረ። ይበልጣል እዚያው ሱቅ ውስጥ አንዱን ሲሰማ፣ ሌላውን ሲሰማ ዋለና መወሰን አቃተው።

"አሁን የምትሰማው ድምፃቸው አይደለም" አሉት ጋሽ ጀማል። "አዲስ የሸክላ ድስት ሳይሟሽ ወጥ ይሠራበታል? ሁለቱንም ውሰድና አሟሻቸው፣ ይሙቁ፣ ይሠሩ፣ አካላቸው ይላመድ። ከዚያ የጣመህን አስቀርተህ ሌላውን ትመልስልኛለህ።"

የሞጣው ክፍሉ በሩም ግድግዳውም ስስ ነው፣ አከራዮቹ ድምፅ አይወዱም፣ ስለዚህ ሁለቱንም ተሸክሞ ቢቸና አመጣቸው፣ ማሟሸቱም እኔ ላይ ወደቀ። ነገሩ ቀላል ነበር፣ ከሥራ ስገባ አንዱን ቤት ካሉት ስፒከሮች ጋር አገናኝቼ እሱ በተወልኝ አሮጌ ሞባይል ሙዚቃውን አስጀምራለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላውን። "አትስሚው" አለኝ፣ "ዝቅ አድርገሽ ልቀቂውና ተኚ፣ ይሥራ ብቻ።" እኔም መተኛት እንጂ መስማት አላማረኝም ነበር።

ጥቁሩ ምንም አላስቸገረኝም። ይጫወታል፣ አንዱ ሙዚቃ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ትንሽ ዝም ይላል፣ ይቀጥላል። ባለ እንጨቱም መጀመሪያ ሰሞን እንዲሁ ነበር። አንድ ማክሰኞ ግን ከሥራ ገብቼ እሱን አበራሁና ጋደም አልኩ፣ ውጭ ካፊያ ነገር ይጥላል፣ ገና ጀንበር አልጠለቀችም፣ የሚጫወተው ዋሽንት አለቀና ዝም ሲል የቆርቆሮው በር አፏጨ። ዓይኔን ሳልገልጥ "መጣህ?" አልኩ፣ የለመደ አፍ አይደል። ከዚያ ማክሰኞ መሆኑ ትዝ አለኝና ተነሥቼ በመስኮት አየሁ፣ በሩ ዝግ ነው፣ መወርወሪያው ገብቷል፣ ጭቃው ላይ ከኔው የጫማ ዳና ሌላ የለም። በእንቅልፍ ልቤ ነው አልኩና ተመልሼ ተኛሁ።

በሌላ ቀን በሩ ብቻ አልሆነም፣ ጫማም ተራገፈ። ቀጥሎ ደግሞ ቦርሳው፣ ከዚያ ወንበሩ፣ ከዚያ ያቺ ትንፋሽ። ልብ በሉ፣ ወንበሩ ፊት ለፊቴ ነበር፣ ማንም አልተቀመጠበትም፣ ድምፁ የሚመጣው ከስፒከሩ ነው። ያንኑ ሙዚቃ ከዚያው ሞባይል በጥቁሩ አጫወትኩት፣ በዝምታው ውስጥ ምንም የለም። ወደ ባለ እንጨቱ መለስኩት፣ ትንሽ እስኪሞቅ ጠበቅሁ፣ ዋሽንቱ አለቀ፣ ባሌ ገባ። ስልክ አንሥቼ ደወልኩለት። ሞጣ ክፍል ውስጥ የክረምት ትምህርት እያስተማረ ነበር፣ "ምነው፣ ደህና ነሽ?" አለኝ። "ደህና ነኝ፣ አምፕሊፋየሮቹ ደህና እየሠሩ ነው ልልህ ነው" አልኩት።

ለምን አልነገርሽውም ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ላይ አልፈራሁም ነበር፣ ከመፍራት የባሰ ነገር ነው የሆንኩት፣ ለመድኩት። ቀኑን ሙሉ የሰው ሚስት ሳዋልድ ውዬ ባዶ ቤት ከምገባ፣ ሰው ሲገባ እየሰማሁ ጋደም ማለት ደስ ይል ጀመር። በተራው ጥቁሩን ማብራት ሲገባኝ እንኳ እጄ ወደ ባለ እንጨቱ ይሄዳል። ያቺን ትንፋሽ ስሰማ የኔም ትከሻ ይወርዳል፣ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አከራዬ እትዬ ጥሩነሽ በዚያው ግቢ ነው የሚኖሩት፣ ቤታችን ግድግዳ ይጋራል። አንድ ቀን ከሰዓት ልብስ ሳሰጣ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ይበልጣል በሳምንቱ መሀል መምጣት ጀመረ እንዴ ልጄ?"

"አልመጣም፣ እትዬ። ዓርብ ነው የሚመጣው።"

"ትናንትና ሲገባ ሰማሁት፣ ባለፈውም ሰምቸዋለሁ። ደህና ዋልክ ልለው ብወጣ ሰው የለም።"

"ሙዚቃ ከፍቼ ነው፣ ከዚያ የሚሰማ ነው የሚሆነው" አልኳቸው።

እትዬ ጥሩነሽ የሰጣሁትን አንሶላ ጫፉን ይዘው ዘረጉልኝና "የሙዚቃ ሰው ጫማውን እኔ ደፍ ላይ አያራግፍም" አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ሳይለውጡ "ጠበል አለኝ፣ ሲመሽ እሰጥሻለሁ፣ ባትፈልጊውም ያዥው" አሉ። ያኔ ነው መጀመሪያ የበረደኝ። እስከዚያ ድረስ የኔ ጆሮ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ እንጨቱን እንዳላበራ ለራሴ ነገርኩት፣ ጠበሉንም በጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት፣ ኤሌክትሪክ ያለው ዕቃ ላይ ውኃ እንዴት እንደሚረጭ ግን አላወቅሁም።

የመምረጫው ቅዳሜ ደረሰ። ይበልጣል ዓርብ ገብቶ ጠግቦ ተኝቶ ነበር፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንደ ልጅ እየተቻኮለ ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። ስፒከሮቹ እነዚያው፣ ሙዚቃውም ያው የክራር ሙዚቃ፣ ድምፁን ሁለቱም ላይ እኩል አደረገ፣ ገመዱን ካንዱ እየነቀለ ወደ ሌላው ይሰካል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። እኔን አጠገቡ አስቀመጠኝና "ስሚው" ይለኛል፣ "ጥቁሩ ጥርት ያለ ነው፣ ምንም አይሳሳትም። ግን ሰሙን ብቻ ነው የሚሰጠኝ። ባለ እንጨቱን ደግሞ ስሚው፣ እዚህ ጋ፣ ጣቱ ሲያርፍ። ወርቁ እዚያ ነው።" የአባቱ ልጅ ነው፣ ሲደሰት እንዲህ ያወራል። እኔ የምጠብቀው ሌላ ነገር ስለነበር ጣትም ወርቅም አልሰማሁም።

ክራሩ አለቀ። ባለ እንጨቱ ነበር የሚሠራው። በሩ አፏጨ፣ ጫማ ተራገፈ። ይበልጣል ዓይኑን ገልጦ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ግቢውን አየ፣ ተመለሰ።

"ማነው የመጣው?"

"አንተ ነህ" አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ቦርሳው ሲቀመጥ፣ ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ትንፋሹ ሲወርድ ሰማና ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። የራሱን ትንፋሽ ከውጭ ሆኖ ማንም ሰው ሰምቶ አያውቅም፣ እሱ ግን አወቀው፣ እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ አየሁት። "ስንት ጊዜ ሰማሽው?" ሊለኝ አፉን ከፈተና ሳይጨርስ ከስፒከሩ ውስጥ፣ ራቅ ካለ፣ ከጓዳ እንደሚመጣ ሆኖ፣ የሴት ድምፅ "መጣህ?" አለ።

ይኼን እኔም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ድምፁ የኔ ነበር። አጠገቡ ተቀምጫለሁ፣ አፌ ዝግ ነው፣ ይበልጣል ከንፈሬን ያያል፣ እኔ ስፒከሩን አያለሁ። ውስጥ ያለው ሰው አልመለሰም። ዝም አለ፣ ዝምታው ረዘመ፣ የክራሩ ቀጣይ መጀመር ሲገባው አልጀመረም። ያን ዝምታ እኔ አውቀዋለሁ፣ ስንት ዓርብ ከጓዳ ቆሜ የሰማሁት ነው፣ እሱ ግን ከዚህኛው በኩል ሆኖ ሲሰማው የመጀመሪያው መሰለኝ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ከዚያ ወደ ስፒከሩ ጎንበስ አለና ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅስ ሆኖ፣

"መጥቻለሁ" አለ።

"እሰይ" አለች እዚያ ውስጥ ያለችው። "ዛሬስ መለስክልኝ።"

ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ይበልጣል እዚያው እንደተጎነበሰ ቆየ፣ ደነገጥሽ ወይ አላለኝም፣ ምንድነው ይኼ አላለኝም፣ ቀና ብሎ አየኝና "ለምን ነቀልሽው?" አለኝ።

ለኔ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ባለ እንጨቱ ከቤቴ ይውጣ፣ እሱም "እሺ፣ ጥቁሩ ይቅር፣ ይኼን ለጋሽ ጀማል እመልሳለሁ" አለ። እሑድ ሹራቡን አውልቆ ባለ እንጨቱን ጠቀለለበት፣ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ይጫን ቢሉት እምቢ አለና ጭኑ ላይ አድርጎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ መምጣት አበዛ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፣ ግን ቀረ። አንዴ መንገድ ተዘጋ፣ አንዴ የፈተና ወረቀት አለብኝ፣ አንዴ ጉንፋን። ስደውል ድምፁ ደህና ነው፣ እንዲያውም ደስ ያለው ይመስላል። "መለስከው?" ስለው "እ" ይላል። የጎጃም ሰው "እ" ብዙ ትርጉም አላት፣ እኔ የወሎ ልጅ የፈለግሁትን ትርጉም ወሰድኩ።

በመጨረሻ በአንድ የዕረፍት ቀኔ ሳልነግረው ሞጣ ሄድኩ። መናኸሪያው ስወርድ ጋሽ ጀማል ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው አዩኝ፣ ተነሥተው ሰላም አሉኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ከዚያ "ታዲያ ጥቁሩን መቼ ታመጡልኛላችሁ?" አሉኝ።

"እኛ እኮ ያስቀረነው ጥቁሩን ነው፣ ጋሽ ጀማል።"

"ኧረ ባለ እንጨቱን ነው" አሉ ግራ ገብቷቸው። "ይበልጣል ራሱ ነው የነገረኝ። ሁለታችንንም ጣመን፣ እሷም ወደደችው አለኝ።"

ዝናቡ ጀምሯል፣ ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ሄድኩ፣ ስደርስ ጫማዬ ውኃ ሞልቶ ነበር። የይበልጣል ክፍል ከግቢው መጨረሻ ነው። በሩ ጋ ስደርስ ድምፁን ሰማሁ፣ እያወራ ነው። ስለ ተማሪዎቹ ያወራል፣ ስለሚያፈሰው የክፍሉ ጣሪያ፣ ስለ አንድ አብሮት ስለሚያስተምር ሰው ጭቅጭቅ፣ አባቱን በሕልሙ ስለማየቱ። እኔ አንዱንም አላውቅም፣ አንዱንም አልነገረኝም። በመሀል በመሀል ዝም ይላል፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሴት ትመልስለታለች፣ ቃሏ አይለይም፣ ዝግ ያለ ነው፣ አንዴ ግን ሳቀች። እመኑኝ፣ ሌላ ሴት ብትሆን ብዬ ተመኘሁ። ሌላ ሴት ብትሆን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ሳቁ ግን የኔ ነበር፣ እኔ ራሴ ከሳቅሁት የቆየ ሳቅ።

በሩን አንኳኳሁ። ይበልጣል ወሬውን አቋረጠ። ከውስጥ የኔው ድምፅ፣ ቤቷ ውስጥ እንዳለች የቤት እመቤት ሳይደነግጥ፣

"ማነው?" አለ።

ምን ብዬ ልመልስ? እኔ ነኝ ልበል? ከዚያ የማጥፊያው ቋ የምትል ድምፅ ተሰማች፣ በሩ ተከፈተ፣ ይበልጣል ነው፣ ብቻውን። አስተያየቱ እንግዳ የሚቀበል ሰው ዓይነት ነበር፣ ትሕትና ያለው፣ የራቀ።

"መቼ መጣሽ? ረጥበሻል እኮ፣ ግቢ።"

ገባሁ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የተማሪ ደብተር፣ ባለ እንጨቱ፣ ከጎኑም አንድ ትንሽ ስፒከር። እጄን ባለ እንጨቱ ላይ አደረግሁ፣ ሞቋል፣ ሲሠራ የዋለ አምፕሊፋየር መሞቁ ግን አዲስ ነገር አይደለም።

"ከማን ጋር ነበርክ?" አልኩት።

"ካንቺ ጋር" አለ። አልዋሸኝም፣ አላሾፈብኝም፣ እንዲሁ ቀለል አድርጎ ነው የነገረኝ።

ዕቃውን ያንኑ ቀን እኔው ተሸክሜ ለጋሽ ጀማል መለስኩት። እሱ አልከለከለኝም፣ ዣንጥላ ይዞ እስከ ሱቁ ድረስ አብሮኝ መጣ። ጋሽ ጀማል ሱቃቸው ውስጥ ሰንበት ብለው አጫወቱት፣ ከሙዚቃው ሌላ ምንም አልሰማሁበትም አሉኝ፣ በኋላም አምበር ከተማ ለሚኖር ሰው ሸጡት። ሰውየውን አላውቀውም። ባለትዳር ይሁን ብቻውን የሚኖር አልጠየቅሁም።

ዝውውሩ ደግሞ ተስፋ ከቆረጥን በኋላ መጣ፣ ይበልጣል አሁን ቢቸና ነው የሚያስተምረው፣ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል። ጥቁሩ አምፕሊፋየር ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ደህና ይሠራል፣ እንግዳ ሲመጣ ጥራቱን ያሞግስላቸዋል እንጂ ብቻውን ሆኖ ሲያዳምጠው አላየሁም። ከኔ ጋር ተጣልተን አናውቅም። እንዲያውም አሁን መጣህ ስለው ይመልሳል፣ አንድ ቀን አይረሳም፣ ለጎረቤት ብነግር ይቀኑብኛል።

ባለፈው ሳምንት ጓዳ ሆኜ ልብስ ሳጣጥፍ ገባ። በጣም ደክሞኝ ነበር፣ ሦስት ወላድ በላይ በላይ አስተናግደን ነው የዋልነው፣ አፌን መክፈት ራሱ ከበደኝና ዝም አልኩ። ጫማውን አራገፈ፣ ቦርሳውን አስቀመጠ፣ ተቀመጠ፣ ተነፈሰ። እኔ ምንም አላልኩም፣ ልብ በሉ፣ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ይበልጣል ትንሽ ቆየና፣ በዚያች በለስላሳዋ ድምፁ፣ "መጥቻለሁ" አለ። ከዚያ አንድ ነገር እንደሰማ ሰው ዝም አለ፣ ቀስ ብሎም ሳቀ።

ያጣጠፍኩትን ልብስ እንደያዝኩ እዚያው ቆምኩ። ልውጣ ወይስ አልውጣ የሚለውን ሳስብ መሸ።